ኪኒኑን ከማቆምሽ በፊት፦ ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ የሚመጣን ማረጥ እንዴት ትይዢዋለሽ?

ቅዳሴ መሀል ነበርን። እትዬ አጠገቤ ቆማ ነጠላዋን አንዴ ታወርዳለች፣ አንዴ መልሳ ትለብሳለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ጊዜው ጥር ነው፤ እኔ ሹራብ ደርቤም ይበርደኛል። "ምን ሆንሽ?" አልኳት። "ምንም፣ ሙቀቱ ነው" ብላ ፊቷን አዞረች። ማታ ቤቷ ስንገባ ኮመዲኖው ላይ የታሞክሲፌን ካርቶኗን አየሁ፤ የጡት ካንሰሯ እንዳይመለስ የታዘዘላት ኪኒን ነው። ከወር በፊት አብረን የገዛነው ነው። አንድም ፍሬ አልጎደለም።

"ካንሰሩ ያልገደለኝን ይሄ ኪኒን ሊገድለኝ ነው" አለችኝ። ለሐኪሟ አልተናገረችም። ለባሏም አልተናገረችም። ከኬሞና ከቀዶ ሕክምና ከተረፍኩ በኋላ ስለ ላብና ስለ እንቅልፍ ማማረር ያሳፍራል ብላ ነው።

አያሳፍርም። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹ ታማሚዎች ደግሞ ገና በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። ማረጥ በሰዓቱ ሲመጣ ቀስ እያለ ነው፤ በሕክምና ምክንያት ሲመጣ ግን ድንገት ነው፣ ይከብዳልም። ለዚህ ሁሉ ግን መላ አለው። መላ የሌለው ኪኒኑን በዝምታ ማቆም ነው፤ ያን ጊዜ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን ያዢልኝ፦ ለሐኪምሽ ሳትናገሪ አታቁሚ።

ደረጃ 1፦ የምትወስጂውን እወቂ

ካርቶኑን አውጪና ስሙን አንብቢ። ታሞክሲፌን ከሆነ፣ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የጡት ሴሎችን እንዳያነቃ በሩን ይዘጋበታል። አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት ይወሰዳል። ሌትሮዞል፣ አናስትሮዞል ወይም ኤክሰሜስቴን ከሆነ ደግሞ ሰውነትሽ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ኢስትሮጅን እንዳትመረት ያደርጋል። ሆድ ቆዳ ሥር የሚሰጠው የጎሰረሊን መርፌ ኦቫሪዎችሽን፣ ማለትም እንቁላልና ኢስትሮጅን የሚያመነጩትን ዕጢዎች፣ ያስተኛል። ኬሞም ራሱ ኦቫሪን ይጎዳል፤ በአንዳንዷ ላይ ለጥቂት ወራት፣ በአንዳንዷ ላይ ለዘለቄታው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅምሽ ችግሮቹ ስለሚለያዩ ነው። ታሞክሲፌን ላይ ያለች ሴት ይበልጥ የምታማርረው በሙቀትና በላብ ነው። ሌትሮዞልና መሰሎቹን የምትወስደው ደግሞ በመገጣጠሚያ ሕመም፣ በብልት ድርቀትና በአጥንት መሳሳት ትቸገራለች።

ሙቀቱ ራሱ ከየት ይመጣል? አንጎላችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ኢስትሮጅን ሲጠፋ ይህ ክፍል ይሳሳታል፤ ትንሽ ስትሞቂ የተቃጠልሽ ይመስለዋል። ደም ወደ ቆዳሽ ይለቃል፣ ላብ ያወርዳል፣ ልብሽን ያስመታል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ ያንቀጠቅጥሻል። አእምሮሽ እየፈጠረው አይደለም።

ደረጃ 2፦ ለሁለት ሳምንት ጻፊ

ትንሽ ደብተር ግዢ፣ ወይም ስልክሽ ላይ መዝግቢ። ሙቀቱ በቀን ስንት ጊዜ ተነሳ? ከመነሳቱ በፊት ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ፣ ተናደሽ ነበር? ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃሽ? እትዬ እንዲህ ስትጽፍ ነው ሦስተኛዋ ስኒ ቡና ላይ ሁልጊዜ እንደሚነሳባት የደረሰችበት። አቦሉን ስትጠጣ ምንም አይላትም ነበር።

ደብተሩ ሐኪም ፊትም ያግዝሻል። በተጨናነቀ ክሊኒክ ለአንድ ታማሚ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። "ደህና አይደለሁም" ካልሽው ያልፈዋል። "ዶክተር፣ በቀን ስምንት ጊዜ ሙቀት ይነሳብኛል፣ ሌሊት ሦስቴ ልብስ እቀይራለሁ፣ ኪኒኑን ለማቆም እያሰብኩ ነው" ካልሽው ግን እስክሪብቶውን አስቀምጦ ያይሻል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ላብ ሁሉ ማረጥ አይደለም። የሌሊት ላቡ ከትኩሳት፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ወይም ያለምክንያት ከመክሳት ጋር ከመጣ ለቲቢም ለሌላም መመርመር ያስፈልጋል። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራም እንዲሁ ያልባል፣ ልብ ያስመታል።

ደረጃ 3፦ መውሰድ የሌለብሽን ለይ

ጎረቤት ይመክራል፣ ቲክቶክ ይመክራል፣ ከውጭ የመጣች ዘመድ በሻንጣዋ ይዛ ትመጣለች። እዚህ ላይ ቆራጥ ሁኚ።

ሌሎች ሴቶች ለማረጥ የሚወስዱት የሆርሞን ኪኒንና ፕላስተር ላንቺ አይሆንም። ይህ በግምት የተባለ አይደለም። በስዊድን የተመራ ሃቢትስ የተባለ ጥናት የጡት ካንሰር ታክመው ለዳኑ ሴቶች ሆርሞን ሰጥቶ ነበር፤ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ስለበዙ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ላይ ጥናቱ ሳያልቅ ተቋረጠ። ቲቦሎን የሚባለው መድኃኒትም በሌላ ትልቅ ጥናት ተሞክሮ ያው ሆኖ ተገኘ።

የወሊድ መከላከያም እዚሁ ይገባል፤ ብዙ ሴት የምትሳሳተውም እዚህ ነው። የወር አበባ ቆመ ማለት አታረግዢም ማለት አይደለም። ኬሞ ያስቆመው የወር አበባ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ታሞክሲፌን ደግሞ ፅንስን ይጎዳል። ነገር ግን የሦስት ወሩ መርፌ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውና በየቀኑ የሚዋጠው ሁሉም ሆርሞን ናቸው። ላንቺ የሚስማማው ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ "የጡት ካንሰር ታክሜያለሁ" ብለሽ ጀምሪ። ሌትሮዞል ወይም መሰሉን እየወሰድሽ የወር አበባ ከመጣብሽ ደግሞ ቶሎ ተናገሪ፤ ኦቫሪሽ እየሠራ ከሆነ እነዚህ ኪኒኖች ብቻቸውን አይረዱሽም።

ከዕፅዋት የሚሠሩ እንክብሎችስ? ብላክ ኮሆሽ፣ ሬድ ክሎቨር፣ የአኩሪ አተር ኢሶፍላቮን፣ የአብሽ ካፕሱል የሚባሉትን ተዪ። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለውም የሌሎች መድኃኒቶችን ሥራ ያዛባል። ምግብ ግን ሌላ ነገር ነው። በጾም ተልባ በፍትፍት ብትበዪ፣ አኩሪ አተር ያለበት ሽሮ ብትቀምሺ ችግር የለውም። የተለየ የሚያደርገው ተጨምቆና ተከማችቶ በየቀኑ እንደ መድኃኒት ሲዋጥ ነው።

ደረጃ 4፦ ቤት ውስጥ የምታደርጊው

ልብስሽን ደራርበሽ ልበሺ፤ ከላይ የምታወልቂው ይኑር። ጥጥ ይሻላል። እንደ ሸማ የሚተነፍስ ልብስ እያለን በናይለን አንሰቃይ። ከፖሊስተር ብርድ ልብስ ይልቅ ስስ ጋቢ አድርጊና ሌላውን እግርሽ ሥር አስቀምጪ። ቅያሪ የሌሊት ልብስና ፎጣ ከራስጌሽ ይኑር፤ በጨለማ ቁም ሣጥን ስትበረብሪ እንቅልፍሽ ጭራሽ ይጠፋል። ቦርሳሽ ውስጥ ማራገቢያና ትንሽ ውኃ ያዢ።

ቡና ማቆም የለብሽም። እኔ በበኩሌ ቡና ተዪ የሚል ምክር ለአበሻ ሴት ሰጥቼ አላውቅም፤ ጭንቀቷን የምትተነፍሰው እዚያ ስኒ ዙሪያ ነው። ግን ከቀትር በኋላ ተዪው፣ ትንሽም አቀዝቅዘሽ ጠጪ። ሚጥሚጣና በጣም የሚያቃጥል ወጥ ቀስቃሽ ከሆነ ደብተርሽ ይነግርሻል፤ ካልሆነ አትንኪው። አልኮል ግን ቀንሺ፣ ብትተዪው ይሻላል። ጠላም ጠጅም ይሁን ሙቀቱን ያስነሳል፤ አልኮል ራሱም ለጡት ካንሰር ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው።

ወይባ ጢስ የምትወጂ ካለሽ፣ ለጊዜው እንድትተዪው እለምንሻለሁ። ጨረር የተቀበለ ቆዳ በቀላሉ ይቃጠላል። የብብትሽ ንፍፊት ከወጣ ደግሞ ኃይለኛ ሙቀት ክንድሽን ሊያሳብጥ ይችላል። ለሙቀቱማ እሳት ላይ እሳት ነው።

ሲነሳብሽ ቁጭ በይ፣ ትከሻሽን ልቀቂ፣ በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ስበሽ ቀስ ብለሽ አውጪ። ይህ ሙቀቱን አያስቀረውም፤ ድንጋጤውን ግን ይቀንሰዋል። በእንግሊዝ አገር የጡት ካንሰር በታከሙ ሴቶች ላይ በተሠራ ጥናት፣ በቡድን እየተሰበሰቡ ሐሳብንና ድርጊትን የመግራት የሥነ ልቦና ሕክምና የወሰዱት ሴቶች ሙቀቱ ብዙም ሳይቀንስ የሚያደርስባቸው ጭንቀት ግን በግልጽ ቀነሰ። "ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፣ ተዋረድኩ" የሚለው ሐሳብ ራሱ ያልባል። "አሁን ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ያልፋል" ማለትን ተለማመጂ። እትዬ ይህን ጮክ ብላ ነው የምትለው፤ ልጆቿም አብረው ይላሉ።

ደረጃ 5፦ መድኃኒት ጠይቂ

ሙቀቱ ሥራሽንና እንቅልፍሽን ካበላሸ በቤት ዘዴ ብቻ አትታገዪ። ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ። ሁሉም በሐኪም ማዘዣ ነው፤ እኔ የምነግርሽ ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ እንድታውቂ ነው።

ቬንላፋክሲን ለድብርት የተሠራ ነው፤ በዝቅተኛ መጠን ግን ሙቀቱን በደንብ ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ በ37.5 ሚሊግራም ተጀምሮ ወደ 75 ከፍ ይላል። ውጤቱ በአንድና በሁለት ሳምንት ይታያል። መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻል፣ የደም ግፊትም ሊጨምር ስለሚችል ተለኪ። ለማቆም ስትፈልጊ ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ቀን አይደለም። "የድብርት መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ እብድ መሰልኳቸው" ብላ ማዘዣውን የቀደደች ሴት አውቃለሁ፤ ለሙቀቱ እንደሆነ ማንም አላስረዳትም ነበር።

ጋባፔንቲን እንቅልፍ ያመጣል፤ ስለዚህ ሌሊት ለምትሰቃየው ጥሩ ነው። ማታ በ300 ሚሊግራም ይጀመራል። ለፊኛ የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒንም በቀን ሁለት ጊዜ 2.5 ሚሊግራም ብቻ ሙቀቱን ይቀንሳል፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ በዕድሜ ለገፉ ሴቶች ደግሞ ለማስታወስ ችሎታቸው አይመከርም።

ታሞክሲፌን ላይ ካለሽ ይህን በትልቁ ጻፊ፦ ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን አይሆኑሽም። ታሞክሲፌን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ተለውጦ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ያንን ለውጥ ያግዳሉ። ሌላ ክሊኒክ ሄደሽ ለጭንቀት ሊታዘዝልሽ ስለሚችል፣ የምትወስጂውን ሁሉ በወረቀት ይዘሽ ሂጂ።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁት፦ ከአንጎል ሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር በቀጥታ የሚነጋገሩ አዳዲስ መድኃኒቶች ወጥተዋል። ፌዞሊነታንት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል የደም ምርመራ ይጠይቃል። ኤሊንዛነታንት በ2025 ፈቃድ አገኘ፤ ከተደረጉለት ትላልቅ ጥናቶች አንዱ የጡት ካንሰር የሆርሞን ሕክምና ላይ ባሉ ሴቶች የተሠራ ነው። ለካንሰር ሐኪማችሁ ስሙን ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ስለ አልጋ ነገር ተናገሪ

ይህን ክፍል ብዙ ሴት ዘልላ ታልፈዋለች። አትዝለይው። ድርቀት፣ ማቃጠል፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ሁሉም የኢስትሮጅን እጥረት ናቸው። ሙቀቱ ከጊዜ ጋር ሊበርድ ይችላል፤ ድርቀቱ ግን ካልታከመ እየባሰ ነው የሚሄደው።

በመጀመሪያ ሳሙናውን አውጪ። ብልት በንጹሕ ውኃ ብቻ ይታጠብ። ሽቶ ያለው ማጽጃ፣ ዴቶል፣ ውስጥን በጣት ማጠብ፣ ሁሉም ያደርቃሉ። ከዚያ ሁለት ነገሮችን ለይተሽ እወቂ። አንዱ ማርጠቢያ ነው፤ ግንኙነት ኖረም አልኖረም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ማታ ይደረጋል። ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበት ጥሩ ነው። ሌላው በግንኙነት ሰዓት የሚቀባ ማለስለሻ ጄል ነው፤ ውኃ ወይም ሲሊኮን ያለበትን፣ ሽታና የሚያሞቅ ነገር የሌለበትን ምረጪ። ቫዝሊን አትቀቢ። ዘይት ነክ ነገር ሁሉ ኮንዶም ይቀድዳል።

ፋርማሲ ገብቶ ይህን መጠየቅ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ለእትዬ ልገዛ ሄጄ ባለሙያው ቀና ብሎ አይቶኝ በዝግታ ጠየቀኝ፣ ከኋላዬ የተሰለፉት ደግሞ ጸጥ አሉ። ከዚያ በኋላ ስሙን በወረቀት ጽፌ ነው የምሰጠው። አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ ኢስትሮጅን አለ። ከካንሰር ሐኪምሽ ጋር ተመካክረሽ ካልሆነ አይነካም፤ በተለይ ሌትሮዞልና መሰሎቹ ላይ ካለሽ ጥንቃቄው ይበዛል። ከግንኙነት በፊት መግቢያው ላይ ለጥቂት ደቂቃ የሚደረግ ማደንዘዣ ሊዶኬይንም በጡት ካንሰር በታከሙ ሴቶች ተሞክሮ ሕመሙን ቀንሷል። በልጅነትሽ ተገርዘሽ ጠባሳ ካለሽ ያንንም ለማህፀን ሐኪም ንገሪ።

ለባለቤትሽም ንገሪው። ዝም ስትዪ "ጠላችኝ" ብሎ ነው የሚተረጉመው። "መድኃኒቱ ያደርቀኛል፣ ያመኛል፣ ቀስ ብለን እንሞክር" በቂ ነው።

ደረጃ 7፦ አጥንትና መገጣጠሚያ

ጠዋት ስትነሺ ጣቶችሽና ጉልበቶችሽ እንደ አሮጊት ግትር ብለው ከሆነ ሌትሮዞልና መሰሎቹ ናቸው። ሕመሙ ተኚ ይላል፤ መድኃኒቱ ግን እንቅስቃሴ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድና ሁለት ቀን ክብደት ማንሳት የመገጣጠሚያ ሕመሙን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ክብደቱ በላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ውኃ ሊሆን ይችላል። በታከመው በኩል ያለውን ክንድ ከቀላል ጀምረሽ ቀስ እያልሽ አበርቺው፤ ካበጠ ተናገሪ።

አጥንትሽ እንዳይሳሳ ካልሲየም በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊግራም ከምግብሽ ጋር ተደምሮ ያስፈልግሻል። በፍስክ ወተትና እርጎ አለ። በጾም ጎመን፣ ሰሊጥና ጤፍ ይረዳሉ፤ ነገር ግን ጾሙን ሁሉ የምትጾሚ ከሆነ ዓመቱን ከግማሽ በላይ ወተት አትቀምሺምና ሐኪምሽ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ኪኒን ይጨምርልሽ እንደሆነ ጠይቂ። የአጥንት ጥግግት መለኪያ በምትኖሪበት ካለ አስለኪ። በየስድስት ወሩ በደም ሥር የሚሰጠው የአጥንት ማጠንከሪያ ዞሌድሮኒክ አሲድ ከታዘዘልሽ መርፌውን ከመጀመርሽ በፊት ጥርስሽን አሳዪ።

ደረጃ 8፦ ሳትቆዪ የምትሄጂበት

ካረጥሽ በኋላ፣ ወይም ታሞክሲፌን እየወሰድሽ ካለወትሮው ደም ከፈሰሰሽ፣ ጠብታም ቢሆን ሐኪም ጋ ሂጂ። ታሞክሲፌን አልፎ አልፎ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ያመጣል፤ ቶሎ ከተገኘ ይታከማል። አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም አፍሽ ከተጣመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና ያንኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ካላስደሰተሽ፣ መኖር ካስጠላሽም እንዲሁ። ያ ድካም ወይም የእምነት ማነስ አይደለም፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው።

ደረጃ 9፦ ሁሉም ካልሠራ

አንዱን መድኃኒት ለአራት ሳምንት ሞክረሽ ካልረዳሽ ሌላ ጠይቂ። ኪኒኑን የምትወስጂበትን ሰዓት ከማታ ወደ ጠዋት፣ ከጠዋት ወደ ማታ መቀየር አንዳንዷን ይረዳል። ካንሰር ሐኪምሽ ሌትሮዞልን በኤክሰሜስቴን ወይም በታሞክሲፌን ሊለውጥልሽ ይችላል። ለጥቂት ሳምንት አሳርፎ ችግሩ ከኪኒኑ መሆን አለመሆኑን ሊያይም ይችላል። በራስሽ ከማቆም ልዩነቱ፣ ያን ዕረፍት የሚቆጥረው እሱ ነው፤ የምትመለሺበት ቀንም ካርድሽ ላይ ተጽፏል።

እትዬ ለሐኪሟ ስትነግረው ወር ከአስር ቀን ሳትወስድ ቆይታ ነበር። አልተቆጣትም። ከታሞክሲፌኑ ጋር ቬንላፋክሲን ጨመረላት። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት የምትቀይረው ልብስ ከሦስት ወደ አንድ ወረደ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በር አጠገብ ንፋስ ያለበት ቦታ እንይዛለን፤ ማራገቢያዋን እኔ ነኝ የምይዘው።